ከብር ወደ ቁጥር፦ ፊልምና ዲጂታል ፎቶግራፍ በምሥራቅ አፍሪካ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ይህ ብሂል የተነገረው ለብራናና ለቀለም ቢሆንም ፎቶግራፍ ወደ ቀጣናው ከገባ ወዲህ ለእርሱም ሲሠራ ኖሯል። በሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሠርግ ፎቶ፣ በሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የአባት ጉርድ ፎቶ፣ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ተብሎ የተጻፈበት የወጣትነት ምስል፣ ሁሉም እንደ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ የሚወረሱ ነበሩ። ዛሬ ግን ፎቶግራፍ ከፊልምና ከወረቀት ወጥቶ ወደ ቁጥርነት ተለውጧል። አንድ ወጣት በአንድ የበዓል ቀን የሚያነሣው ፎቶ አያቱ በዕድሜ ዘመናቸው ካስነሡት ይበልጣል። ጥያቄው ታዲያ የትኛው ያምራል፣ የትኛውስ በዋጋ ይቀላል የሚለው ብቻ አይደለም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ ሊያየው የሚችለው የትኛው ነው? ዲጂታሉ ምስል የሚመደበው በመጽሐፍ ካለው ወገን ነው ወይስ በቃል ካለው?

ለዚህ መልስ ለመስጠት ሁለቱ የፎቶግራፍ ዓይነቶች እንዴት እንደተፈጠሩ፣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንዴት እንደገቡና ምን ትተው እንዳለፉ መመልከት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብርሃንና ብር

የፊልም መሠረቱ ብር ነው፤ ገንዘቡ ሳይሆን ማዕድኑ። በቀጭን ፕላስቲክ ላይ በተቀባ ጄላቲን ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ የብር ጨው ቅንጣቶች ተበትነዋል። የካሜራው መዝጊያ ለቅጽበት ሲከፈት ብርሃን ያረፈባቸው ቅንጣቶች በዓይን የማይታይ ለውጥ ያደርጋሉ። ፊልሙ በጨለማ ክፍል በኬሚካል ሲታጠብ እነዚያ ቅንጣቶች ወደ ጥቁር ብር ይለወጣሉ፤ ብርሃን ያልነካቸው ደግሞ ታጥበው ይወገዳሉ። ውጤቱ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ የሚታይበት ኔጋቲቭ ነው። በኔጋቲቩ ውስጥ ያለፈ ብርሃን በወረቀት ላይ ሲያርፍ ትክክለኛው ምስል ይወጣል፤ ከአንዱ ኔጋቲቭም የተፈለገውን ያህል ቅጂ ማተም ይቻላል።

ይህ ዘዴ በአንድ ሰው ብልሃት ብቻ የተገኘ አይደለም። የፈረንሳዊው የሉዊ ዳጌር ግኝት በ1839 በፓሪስ ይፋ ሲሆን ምስሉ የሚቀረው ብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ነበር፤ ቅጂም አይወጣለትም። ከአንድ ኔጋቲቭ ብዙ ቅጂ የማውጣትን መንገድ የከፈተው እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ሲሆን የፈጠራ መብቱን በ1841 አስመዘገበ። በ1888 ደግሞ አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን «ኮዳክ» ብሎ የሰየመውን ቀላል ካሜራ ለገበያ አቀረበ። ካሜራው 100 ፎቶ የሚያነሣ ጥቅል ተሞልቶ በ25 ዶላር ይሸጥ ነበር። ጥቅሉ ሲያልቅ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልካል፤ ፎቶው ታጥቦና ታትሞ፣ ካሜራውም አዲስ ጥቅል ተሞልቶ ይመለስለታል። ፎቶግራፍ ከባለሙያ እጅ ወጥቶ ወደ ተራ ቤተሰብ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ካሜራው ወደ ቀጣናው ሲገባ

በኢትዮጵያ ታሪክ ፎቶግራፍ ጎልቶ የታየው ከጦር ጋር መጥቶ ነው። በ1868 በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የፎቶግራፍ ሥራ የተሰጣቸው የመሐንዲስ ጦር አባላት አብረውት ነበሩ። እነዚህም የተራራውን፣ የመንገዱን፣ የሰፈሩንና የሰዉን ምስል አነሡ። ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ከሞቱ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት በዕውቋ ፎቶ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ቀረበ። ልዑሉ በ1879 በወጣትነቱ ቢሞትም ያ የሕፃንነት ፊቱ እስከ ዛሬ ይታያል። ይሁን እንጂ እነዚህን ምስሎች ያነሣቸውም፣ ይዟቸው የሄደውም፣ ያስቀመጣቸውም ባዕድ ነበር።

ካሜራው የአገር ቤት ሙያ ለመሆን ጊዜ ወስዷል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ሀይጋዝ በንግሥት ዘውዲቱ፣ ቶኒ ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አገለገሉ። በዛንዚባር የኦዛ ቤተሰብ ካፒታል አርት ስቱዲዮ የተባለውን ፎቶ ቤት በ1930 ከፈተ። የባቡር ሠራተኞች ከተማ በሆነችው በሱዳኗ አትባራ ደግሞ ራሺድ ማህዲ (1923–2008) የከተሜውን ሕይወት በጥቁርና ነጭ እየመዘገበ በአገሩ ከታወቁት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

በእነዚህ ሁሉ ፎቶ ቤቶች አንድ ዓይነት ሥርዓት ነበር። ፊልም ውድ ነውና ሰው ለፎቶ ይዘጋጃል፤ የክት ልብሱን ይለብሳል፣ ጸጉሩን ያበጥራል፣ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። በቤት ካሜራ ውስጥ የሚገባው ጥቅልም ቢሆን 24 ወይም 36 ፎቶ ብቻ ስለሚያነሣ እያንዳንዱ በቁጠባ ይነሣ ነበር። የተነሣው መልካም ይሁን አይሁን የሚታወቀው ታጥቦ ሲመጣ ነው። «ፊልሙ ተቃጥሏል» የሚለው ቃል የአንድ ሠርግ ወይም የአንድ ምርቃት ትዝታ ጨርሶ መጥፋቱን የሚያረዳ መርዶ ነበር። ብዙ ሰው በሕይወቱ ያስነሣው ለመታወቂያ የሚሆን አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ሲሆን፣ ያንን እንኳ ሳያስነሣ ያለፈው ቁጥር ስፍር የለውም። ስለዚህ የፊልምን ዘመን በናፍቆት ብቻ ማስታወስ ሙሉ እውነቱን አይገልጽም። የፊልም አልበም የቻለው የተመዘገበበት፣ ያልቻለው የተረሳበት መዝገብም ነበር።

በቁጥር የተጻፈ ብርሃን

ዲጂታል ካሜራ በፊልሙ ቦታ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሴንሰር የተባለ መሣሪያ ይዟል። የዚህ መነሻ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በ1969 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ የፈለሰፉት ሲሲዲ ሲሆን፣ ሁለቱ በዚሁ ሥራቸው ከአርባ ዓመት በኋላ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። በ1975 ስቲቨን ሳሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ የመጀመሪያውን በእጅ የሚያዝ ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ 10,000 ነጥቦች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ አንዱን ምስል በካሴት ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር።

የሚገርመው ሳሰን የሚሠራው በዚያው ፊልም ሻጭ በሆነው በኮዳክ ኩባንያ ውስጥ መሆኑ ነው። ትርፉን የሚያገኘው ከፊልም፣ ከኬሚካልና ከወረቀት ሽያጭ ስለነበር ኩባንያው አዲሱን ልጁን በሙሉ ልቡ ሊያሳድገው አልቻለም። በ1991 ለጋዜጠኞች የሚሆን ባለ 1.3 ሚሊዮን ነጥብ ዲጂታል ካሜራ ለሽያጭ ቢያቀርብም ገበያውን የወሰዱት ሌሎች ሆኑ። በ2000 በጃፓን ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ካሜራና ስልክ አንድ ዕቃ ሆኑ። ኮዳክ ኮዳክሮም የተባለውን ዝነኛ የቀለም ፊልም ማምረት በ2009 አቆመ፤ ራሱም በጥር 2012 የኪሣራ ከለላ ጠየቀ። ፊልም ዛሬም ይመረታል፤ ነገር ግን የብዙኃኑ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቴክኒክ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በአብዛኞቹ ዲጂታል ካሜራዎች የሴንሰሩ ነጥቦች ቀለም አይለዩም። የኮዳኩ ተመራማሪ ብራይስ ባየር በ1976 የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘዴ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ የአንዱ ቀለም ማጣሪያ ይደረጋል፤ የቀሩትን ሁለት ቀለማት ኮምፒውተሩ ከጎረቤት ነጥቦች አስልቶ ይሞላል። የዛሬ ስልኮች ከዚህ አልፈው በቅጽበት ብዙ ምስል አንሥተው አንድ ያደርጉታል። ፊልም በብርሃን የተነካ ቁስ ነው፤ ዲጂታል ምስል ግን ስለ ብርሃኑ የተሠራ ስሌት ነው። በኔጋቲቭ ላይም እርማትና ማጭበርበር ይሠራ እንደነበር አይካድም። ሆኖም ኔጋቲቭ «ዋናው የታለ?» ለሚል ጠያቂ የሚቀርብ አንድ ዋና ቅጂ ነበረው።

መሣሪያው ለማን ተሠራ?

ፊልም ሁሉንም ሰው በእኩል ዓይን አላየም። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የፎቶ ላቦራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉት ከኩባንያው በሚላክላቸው የአንዲት ነጭ ሴት ምስል እየለኩ ነበር። ካርዱ በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ እንደመዘገበችው ኮዳክ ጠቆር ያሉ ቀለማትን በሚገባ ወደሚያሳይ ፊልም እንዲያዘነብል ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ይገኝበታል፤ የጥቁር ሰዎች ፊት በፎቶ ላይ መደብዘዝ ብቻውን ለዚያ አልበቃም ነበር። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ የፖላሮይድ ካሜራ የአፓርታይድ ማለፊያ ወረቀት ፎቶ ማንሻ ሆኖ አገልግሏል። የኩባንያው ሠራተኞች የነበሩት ካሮላይን ሀንተርና ኬን ዊልያምስ በ1970 ተቃውሞ ጀመሩ፤ ፖላሮይድም በ1977 ከአገሩ ወጣ።

ዲጂታሉ ዘመን ይህን ችግር በራሱ አልፈታውም። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ባሳተሙት ጥናት የሦስት ኩባንያዎች የፊት መለያ ፕሮግራሞች የሰውን ጾታ ከፎቶው ሲለዩ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ እንደሚሳሳቱ፣ ነጭ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ግን ስሕተታቸው ከ0.8 በመቶ እንደማይበልጥ አሳዩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ፊልምም ሆነ ዲጂታል የሚያየው ሠሪው እንዲያይ ያዘጋጀውን ነው፤ የሚያስታውሰውም አስታዋሽ ያበጀለትን ነው።

የተረሳው የተረፈበት ዘመን

ስለ ማስታወስ ከተነሣ የኡጋንዳ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። በ2015 በካምፓላ በኡጋንዳ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ሕንፃ ውስጥ በአንድ የመዝገብ ቁም ሣጥን 70,000 ያህል ኔጋቲቮች ተገኙ። የመንግሥት ፎቶ አንሺዎች ያነሧቸው ሲሆኑ አብዛኞቹ ጨርሶ ታትመው አያውቁም። ከ1971 እስከ 1979 የዘለቀው የኢዲ አሚን አገዛዝ፣ እርሱን የጣለው ጦርነትና ከዚያ በኋላ የመጣው ሁከት ሁሉ በአጠገባቸው አልፏል። ማንም አላስታወሳቸውም፤ ምናልባት የተረፉትም ማንም ስላላስታወሳቸው ነው። በየፖስታው ላይ ቀንና ጉዳይ ተጽፎ ስለነበር ባለሙያዎች ለይተው ወደ ዲጂታል ሊቀዷቸው ቻሉ፤ ከፊሎቹም በ2019 በኡጋንዳ ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ።

እነዚህ ምስሎች የሚያሳዩት ግን ሰልፍን፣ ሽልማትንና የመሪውን ፈገግታ ነው። በዚያ ዘመን የተገደለው ሰው ብዛት እስከ 300,000 እንደሚደርስ ቢገመትም ግድያው በፎቶዎቹ ውስጥ የለም። ፊልም ቸልታን ተቋቁሞ ይቆያል፤ ያልተነሣውን ግን ሊፈጥረው አይችልም።

የሟቾቹን ፊት ያቆየው ሌላ መዝገብ፣ የቤተሰብ አልበም ነው። በ2004 በተከፈተው የኪጋሊ የዘር ማጥፋት መታሰቢያ ውስጥ ቤተሰቦች የሰጧቸው የሟቾች ፎቶዎች በተርታ ተሰቅለዋል። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2010 በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ግድግዳዎቹ በወጣቶች ፎቶዎች ተሞልተዋል። ለትምህርት ቤት ወይም ለመታወቂያ ተብሎ የተነሣ አንድ ጉርድ ፎቶ ለእናት የልጇ መቃብር ምትክ፣ ለታሪክ ደግሞ ምስክር የሆነው እንዲህ ነው። ያነሣው ሰው ለታሪክ ብሎ አላነሣውም፤ ነገር ግን ወረቀት ስለነበር ቆየ።

የቃል ትውፊት የመሰለው ዲጂታል

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ኔጋቲቭን ወደ መስኮት ብርሃን ከፍ አድርጎ በዓይን ማየት ይቻላል። ዲጂታል ምስልን ግን ያለ መሣሪያ፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ቋንቋውን በሚያውቅ ፕሮግራም ካልሆነ በቀር ማንም ሊያየው አይችልም። ሃርድ ዲስክ ከዓመታት በኋላ ይበላሻል፤ ሲዲ ይጫጫራል፤ ፍላሽ በቫይረስ ይመታል፤ ስልክ ይሰረቃል፤ የይለፍ ቃል ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ልጅ ስልኳ ቢቀማ የዓመታት ፎቶዋ በአንድ ቀን አብሮ ሊሄድ ይችላል። ትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ የተቀመጠም ቢሆን ዋስትና የለውም። ማይስፔስ የተባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ በ2019 ሰዎች ከሦስት ዓመት በፊት ያስቀመጡት ፎቶ፣ ቪዲዮና ሙዚቃ በዕቃ ዝውውር መካከል እንደጠፋ አስታውቋል። ከኢንተርኔት መሥራቾች አንዱ የሆነው ቪንት ሰርፍ በ2015 ሰዎች ከልብ የሚወዷቸውን ፎቶዎች በወረቀት እንዲያሳትሙ መምከሩ ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ዲጂታሉ ምስል ምንም እንኳ በቁጥር «የተጻፈ» ቢሆን ጠባዩ በቃል ካለው ነገር ጋር ይቀራረባል። ተረት የሚኖረው ተራኪ እስካለ ድረስ እንደሆነ ሁሉ ዲጂታል ፎቶም የሚኖረው ከአሮጌው ዕቃ ወደ አዲሱ የሚያሻግረው ሰው እስካለ ድረስ ነው። የፊልም ምስል ተረስቶም ሊተርፍ ይችላል፤ ዲጂታል ምስል ግን የሚተርፈው ሲታወስ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ግን ዲጂታል ጉድለት ብቻ ነው ማለት አይደለም። ፊልምም ይሞታል። የቀለም ፊልም ይደበዝዛል፤ የቆየ ፕላስቲክ በሙቀትና በእርጥበት የኮምጣጤ ሽታ እየሰጠ ይበሰብሳል፤ አንድ እሳት ወይም አንድ ጎርፍ ዋናውን ቅጂ ለዘላለም ያጠፋዋል። ዲጂታል በበኩሉ ፊልም ያልነበረው አንድ ታላቅ ኀይል አለው፤ ቅጂው ከዋናው አይለይም፣ በአንድ ጊዜም በብዙ አገር ሊቀመጥ ይችላል። በሱዳን ይህ በተግባር ታይቷል። «ሱዳን ሜሞሪ» የተባለው ፕሮጀክት የአገሩን ሰነዶችና ፎቶዎች ወደ ዲጂታል ሲቀዳ ከቆየ በኋላ በሚያዝያ 2023 ጦርነት ፈነዳ። በዚያው ዓመት የኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የተቃጠለው አይመለስም፤ አስቀድሞ ተቀድቶ በሌላ ስፍራ የተቀመጠው ግን አለ።

በአዲስ አበባም ወጣቶች የየቤተሰቡን አሮጌ አልበም እየተዋሱና እየቀዱ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ርእስ በ2018 መጽሐፍ አድርገው አሳትመዋል። ከወረቀት ወደ ቁጥር፣ ከቁጥር ተመልሶ ወደ ወረቀት የተደረገው ይህ ጉዞ ሁለቱ ዘዴዎች ጠላቶች አለመሆናቸውን ያሳያል። በጎረቤት ዓይን የማይታወቅ የነበረ የአንድ ቤት ትዝታ የከተማዋ ታሪክ ሆኖ ወጣ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር ቀላል ነው። ወደ ዲጂታል የተቀዳ ኔጋቲቭ አይጣልም፤ ዋናው እርሱ ነውና። በስልክ ካሉት ሺህ ፎቶዎች መካከል በየዓመቱ ጥቂቶቹን መርጦ ማሳተም ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ወጪ አይደለም። የቀሩትን ቢያንስ በሁለት ዕቃ፣ አንዱንም ከቤት ውጭ ማስቀመጥ ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን ስም፣ ቦታና ቀን መጻፍ ያስፈልጋል። የካምፓላዎቹን ኔጋቲቮች ከፕላስቲክ ክምርነት ወደ ታሪክ ያሸጋገራቸው በፖስታቸው ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ነበር። ስም ያልተጻፈበት ፎቶ ምንም ያህል ጥራት ቢኖረው ከአንድ ትውልድ በኋላ የማይታወቅ ሰው ፊት ይሆናል።

የቀድሞው ፎቶ አንሺ በጨለማ ክፍሉ ሥራውን ሲጨርስ የማስቀመጡን ኀላፊነት ለብሩና ለወረቀቱ ትቶ ይሄድ ነበር። የዛሬው ፎቶ አንሺ፣ ማለትም ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ፣ ያንን ኀላፊነት የሚተውለት የለም። ማንሣቱ ቀልሏል፤ ማቆየቱ ግን ከብዶ በእጁ ላይ ቀርቷል።